«እጅህ ነው»

ሦስት ሆነን አንድ ደጋን ገዛን። ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ነን፤ ለቅዳሜያችን ከኳስና ከቡና ሌላ ነገር ፈልገን ነው። ደጋን ስንላችሁ በልጅነታችን እንጨት አጉብጠን በሲባጎ የወጠርነውን እንዳታስቡ። ይሄ ኮምፓውንድ ደጋን ነው፤ ሚዙሪያዊው ሆለስ ዊልበር አለን በ1966 እ.ኤ.አ. አመልክቶ በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ካም የሚባሉ ሞላላ መዘውሮች አሉት። ስትስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፣ መጨረሻው ላይ ይቀላል። የእኛው 60 ፓውንድ ነው፤ ተስቦ ሲያልቅ ግን እጅ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ ገደማ ነው።

ያገለገለ ነበር የገዛነው። ለአንድ ወር ደህና ሠራ። ከዚያ ቀስቱ እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገደ መሄድ ጀመረ። በኦክቶበር አጋዘን ልናድንበት አስበናል፤ ተወላግዶ የሚሄድ ቀስት ደግሞ እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከኢላማው ፊት ወረቀት ወጥረን ከሁለት ሜትር ተኮስን። የተስተካከለ ደጋን አንድ ክብ ቀዳዳና የላባዎቹን ጭረት ብቻ ይተዋል። የእኛ ወረቀት ወደ ጎን ሁለት ጣት ያህል ተቀደደ።

የተኮሰው ሦስተኛው ጓደኛችን ነበር። «እጅህ ነው» አልነው። እጅም እንዲህ ያደርጋል፤ እጀታውን አጥብቆ የሚጨብጥ ሰው ደጋኑን ያጣምመዋል፣ ወረቀቱም ወደ ጎን ይቀደዳል። ግምታችን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ጥፋታችን ሳናጣራ መፍረዳችን ነው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ «ላላ አድርገህ ያዝ»፣ «አንተ ልጅ፣ አትሰማም እንዴ?» ስንለው ከረምን። ማነጣጠሪያውንም የቀስቱን ማረፊያም ነካካን። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልክ አላነሳም።

ያለ እሱ ሄድን። ወረቀቱን ወጥረን በየተራ ተኮስን። ያው ቀዳዳ፤ ወደዚያው ጎን፣ በዚያው ልክ። ተያየን። ለካ እስከዚያ ቀን ወረቀቱ ላይ የተኮሰው እሱ ብቻ ነበር!

አንዳችን ያደገው ሶማሌ ተራ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። «መኪና ወደ ጎን ሲስብ ሾፌሩን ነው የምትሰድበው ወይስ አላይመንቱን ነው የምታየው?» አለ። ደጋኑን ይዘን ባለሙያ ዘንድ ሄድን።

ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። ቀጥ ያለ ቀስት ከላይኛው ካም ጎን ላይ አስደግፈው አሳዩን። ካሙ ቀጥ ቢል ኖሮ ቀስቱ ከጅማቱ ጋር ጎን ለጎን ይወርድ ነበር፤ የእኛው ቀስ በቀስ እየራቀው ሄደ። ካሙ አዘንብሏል፤ የጎን ቅዳዱ ከዚህ ነው። ቀጥለው ደጋኑን በመሳቢያ ቀስ ብለው ሳቡት። አንዱ ካም ቀድሞ ደረሰ፣ ሌላው ዘገየ። የጋራዡ ልጅ «ታይሚንግ!» ብሎ ጮኸ። ይሄኛው ወረቀቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚቀድ ሌላ በሽታ ነው። የሁለቱም መነሻ ኬብሎቹ ናቸው፤ ሲሠራባቸው ይለጠጣሉ፣ ሁሉም ግን እኩል አይለጠጡም።

ደጋኑን ፕሬስ ውስጥ አስገብተው ውጥረቱን አላሉ። (ያለ ፕሬስ ኬብል እንዳትነኩ፤ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል።) መጀመሪያ የአንዱን ኬብል ጥምዝ አስተካክለው ሁለቱን ካሞች እኩል አደረሱ። ከዚያ በካሙ ግራና ቀኝ ለሁለት የሚከፈለውን ኬብል ያዙ፤ አንዱን እግር ግማሽ ዙር አጠመዘዙ፣ ሌላውን በዚያው ልክ ፈቱ። አስተኮሱን፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና ግማሽ ዙር። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካሉ፣ ከዚያ ያያሉ። እኛ አንድም ሳናይ ሁሉን ነካክተን ነበር፤ የጓደኛችንን ልብ ጨምሮ።

አራተኛው ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ ወጣ።

ወረቀቱን ይዘን ጓደኛችን ቤት ሄድን። በሩን ከፍቶ አየን፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አንስቶ በቀዳዳው አሾለቀ።

«ማነው የተኮሰው?» አለ።

«እኛ።»

«እጃችሁ ጥሩ ነው» ብሎን ገባ። በሩን ግን አልዘጋብንም። ተከትለነው ገባን፤ ይቅርታውን የጠየቅነው ቡናው ከቀረበ በኋላ ነው።