በደብረ ታቦር ጐዳና፤ ስለ ልብ አሳብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን ያለፈ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ የጐንደርን ጐዳና በስተግራው ትቶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ለጥ ያለ አገር ነው። ከዓለም በር በኋላ ግን ምድሩ ሽቅብ ይነሣል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ደብረ ታቦር ትታያለች፤ ከበስተኋላዋም ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ጉም ለብሶ ይቆማል።

ከተማይቱን በመሳፍንት ዘመን ራስ ጉግሣ እንደ ቈረቈሯት ይታወቃል። ስሟ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ የተወሰደ ስለ ሆነ፣ ነሐሴ 13 ቀን ለዚህ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ የራሱ በዓል ነው። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ማታም ችቦ ይበራል። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ተራራ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ያሰበውን ታስታውሳለህ፤ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያው መኖርን ወደደ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ያማረ አሳብ ሁሉ ቤት ሊሠራለት የሚገባ አለመሆኑን ከዚያ እንማራለን።

አባቶቻችን ኃጢአት በሦስት መንገድ ይሠራል ይላሉ፤ በኃልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር፤ ይኸውም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዮስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ከፊተኛው ጋራ ስለሚደረገው ተጋድሎ ብዙ ያስተምራሉ። እኛ በዓለም የምንኖር ግን ወደ ንስሐ አባታችን ስንቀርብ እጃችን የሠራውን እንናገርና ልባችን ሲያመላልስ የከረመውን እናልፈዋለን፤ ማንም አላየውምና።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ መስማቱ አይቀርም። እኔ ግን መድፉን ሳስብ ከእርሱ በፊት የነበረውን ደብዳቤ አስባለሁ። በ1855 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ በዚያም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። እርሳቸውም መልስ በማጣታቸው ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ። የተናቁ መስሎ የታያቸው በከንቱ አልነበረም፤ በእውነት ተንቀዋል። ይህን መካድ አይገባም።

በጥር 1858 ዓ.ም. ግን መልሱ መጣ። ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ቀረበ፤ በክብርም ተቀበሉት፤ እስረኞቹ ተፈትተው በጣና ዳር በቆራጣ ተሰበሰቡ። ነገሩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሆኖም በሚያዝያ ወር እንደ ገና ተይዘው ታሰሩ፤ ራሳምም ከእነርሱ ጋራ። ታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ዓመፁ ብዛትና ስለ ሌሎችም ጥርጣሬዎች ምክንያት ይጨምራሉ፤ እውነትም ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ አሳቡ ብቻውን ቆሞ መቅረቱ ነው።

በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን ወንጌል ለመስበክ የመጡ፣ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ 7,000 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ኃይል እያስጐተቱ፣ በጋይንትና በዋድላ በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ገደል ተናደ፤ መንገድ ተጠረገ፤ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የአሮጌ ጦርነት በስቅለት ዕለት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ይህን የምጽፈው ስለ አገር አንድነት ብዙ በደከሙት ንጉሥ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን በየቤታችን ያልተመለሰ ደብዳቤ የሌለው ማን ነው? አንዲት እኅት ወደ ወንድሟ ሠርግ ሳትጠራ ትቀራለች። በደሉ እውነተኛ ነው። ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ይገባል፤ ወንድሟም እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ይወድቃል፤ እርሷም «ይቅር ብያለሁ» ትላለች፤ እንጀራም በአንድነት ይቈረሳል። በሌሊት ግን ሰው ሁሉ ሲተኛ ያን የሠርግ ቀን እንደ አዲስ ታየዋለች፤ ማን እንደ ተጠራ፣ ማን ከፍ ብሎ እንደ ተቀመጠ አንድ በአንድ ትቈጥራለች። በዳዩ ያወረደውን ድንጋይ ተበዳይዋ አነሣችው ማለት ነው።

ስለዚህ ራሱን የሚመረምር ክርስቲያን «ይህ አሳቤ እውነት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አይበቃውም። ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎን፣ እውነት ነው» ይሆናልና ምርመራው በዚያው ይቆማል። ይልቁንስ «ወዴት እየወሰደኝ ነው? ስለ እርሱ ስል ምን አቃጠልሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ጸሎት ሲያደርስ ቃሉ ከአፉ እየወጣ ልቡ ከማን ጋራ ሲሟገት እንደ ነበር ልብ ይበል፤ ያንም ሰው በስሙ ጠርቶ ለንስሐ አባቱ ይንገር። አሳብ በጨለማ ይገዝፋል፤ በቃል ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ልኩ ይታወቃል።

ይህን በደብረ ታቦር መናገር ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ጉና ተራራ ደርሶ፣ የመድፍ ጥይት በዚህች ከተማ በቤቶች ላይ ወድቆ ሰው ሞቷል። ልጁን ለቀበረ አባት «አሳብህን ተው» የሚል መካሪ ካለ፣ እርሱ ቢያንስ ዝም ማለትን ይማር። ኀዘን ቂም አይደለም፤ ማልቀስም ኃጢአት አይደለም። ኀዘኑ መቼ ወደ ሌላ ነገር እንደ ተለወጠ የሚያውቅ ባለቤቱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው፤ ከውጭ ቆሞ ሊለየው የሚችል የለም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚቀጥለው ጐዳና በጉና ጥግ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምም በዚያው በጋይንት ምድር ናት። ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን ያስጐተቱት በዚህ አገር በኩል ነበር። እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የብራና መጻሕፍትና ዘውድ ወስደዋል፤ ሴባስቶፖልን ግን አልወሰዱትም፤ ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ነው።