ኩታ ገጠም

ባለፈው ጥቅምት፣ ከባንክ ሥራዬ ወጥቼ ወደ ቤት ሳመራ፣ ላፕቶፔን ይዤ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ጎራ አልሁ። ዘገምተኛ ሆኖብኝ ነበር። «እባክህ ዲፍራግ አድርግልኝ» አልሁት ልጁን። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ያለው እኮ ኤስኤስዲ ነው። ዲፍራግ ምን ያደርግለታል? ዕድሜውን ማሳጠር ነው እንጂ!»

ገና ሠላሳዎቹን ሳልጨርስ «ጋሼ» መባሌን ለጊዜው ልተወውና፣ ውድ አንባብያን፣ ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑን አስቀድሜ ልመስክር። ይሁን እንጂ ዲፍራግ የምትለው ቃል በእኔ ዘንድ የአንዲት ሌሊት ስም ናትና እንዲህ በቀላሉ ልሻገራት አልቻልሁም።

በ2001 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው ነበሩ። ዲፍራግ ሲጀመር በመስኮቱ ላይ ባለቀለም ሰንበር ይዘረጋል፤ ቀዩ የተበታተነ ፋይል፣ ሰማያዊው የተሰበሰበ፣ ነጩ ባዶ ቦታ። ጓደኞቼ ፊልም ሲያዩ እኔ ቀዩ እየሳሳ ሰማያዊው ሲሰፋ ቁጭ ብዬ እመለከት ነበር። አልታዘዝ ያለ ስንኝ ቤት ሲመታ የሚሰማኝን ዓይነት ደስታ ይሰጠኝ ነበር።

ነገሩን ለአባቴ ለማስረዳት የሞከርሁበትን ቀን አልረሳውም። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ሦስት ቦታ ነው። አንዷ ደጋው ላይ ገብስ የምታበቅል፣ አንዷ ከቤታችን ሥር፣ ሦስተኛዋ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ማሽላ የሚዘራባት። «ሃርድ ዲስክ ማለት እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚሽከረከር ሳህን ነው» አልኋቸው። «በላዩ አንዲት ቀጭን ክንድ እየተመላለሰች ታነባለች። ፋይሉ ተቆራርጦ በየቦታው ከተቀመጠ፣ ልክ አንቱ ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚወርዱት ክንዷም ትንከራተታለች። ዲፍራግ ማለት ፋይሉን ኩታ ገጠም ማድረግ ነው።»

አባቴ ጥቂት አሰቡና «በረዶ የመታ ዕለትስ?» አሉኝ።

አልመለስሁላቸውም። ጥያቄው ቦታውን የሳተ መስሎኝ ነበር።

ሥራ ከያዝሁ በኋላ ከደመወዜ እየቆጠብሁ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ሰባ ሦስት ግጥሞቼን በሙሉ በአንድ ማኅደር ሰብስቤ እርሱ ላይ አኖርሁ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ማሽኑ ይጎተት ጀመር፤ ከሆዱም «ቀጭ… ቀጭ…» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ተበታትኖበት ነው ብዬ ፈረድሁ፤ ዲፍራጉን አስጀምሬም ተኛሁ። ያ ግን የተበታተነ ፋይል ድምፅ አልነበረም፤ የሚሞት ዲስክ ጣር ነበር። ዲፍራግ ፋይሉን በማንበብ ብቻ አይመለስም፤ አንሥቶ ሌላ ቦታ ላይ ይጽፈዋል። የደከመችውን ክንድ ሌሊቱን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር ሳስሮጣት አደርሁ ማለት ነው። ሲነጋ ኮምፒውተሩ ዲስክ የሚባል ነገር አላገኘሁም አለኝ። ሰባ ሦስቱን ግጥሞች ለመቅዳት አንዲት ፍላሽና ሁለት ደቂቃ በበቁኝ ነበር!

ለልጁ አባባል ልመለስ። ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህንም የምትመላለስ ክንድም የለውም። በሃርድ ዲስክ፣ ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ እየዞረም ቢሆን፣ ክንዷ ወደ ተፈለገው ቦታ ለመድረስ በአማካይ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ትፈጃለች፤ ኤስኤስዲ ግን ቁራጩን ከየትም ቦታ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በእጅጉ ባነሰ ጊዜ ያመጣዋል። ለእርሱ ሩቅና ቅርብ የለም። በአንጻሩ አንድ ቦታው ላይ ሊጻፍ የሚችልበት ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ያለ ጥቅም ማጻፍ ዕድሜውን መብላት ነው። ዊንዶውስም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ቪስታ ወዲህ ዲፍራግን በየሳምንቱ በራሱ ያከናውናል፤ በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ ኤስኤስዲ መሆኑን ሲለይ ያንን ይተወዋል። የሚሽከረከር ዲስክ በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬም አለ፤ ጤነኛ ከሆነ ዲፍራግ ይጠቅመዋል። ባለቤቱ ግን አስቀድሞ ይቅዳ። «ቀጭ» ካለበትማ እጁን ይሰብስብ።

ከሰባ ሦስቱ አርባ አንዱ ተመልሰውልኛል። አንብበህ አስተያየትህን ስጠኝ ብዬ የሰጠሁት ጓደኛዬ አቀስታ ላይ በአሮጌ ፍላሽ አሥራ ስምንቱን አስቀምጦልኝ ተገኘ። ወደ ደሴ የተዛወረ ባልደረባዬ ያተማቸው ወረቀቶች ነበሩት። በተማሪነቴ በእጄ ጽፌ የሰጠኋት፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴት፣ አንዱን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ለምን እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኋትም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለቀማዬም አብሮ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የቀሩት በሰው እጅ፣ በፍላሽ መጡ። ከፊሎቹ ዩኒኮድ ባልሆነው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስለነበሩ ስከፍታቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ጠበቁኝ። የድሮውን ፊደል ፈልጌ ስጭን ግን ስንኞቼ አንድ በአንድ ዐይናቸውን ገለጡ። ጥቂቶቹን ሳነባቸው ጠፍተው ቢቀሩ ይሻል ነበር አሰኝተውኛል።

ልጁ ላፕቶፔን ከአላስፈላጊ ፕሮግራሞች አጽድቶ መለሰልኝ። በዚያው ሰሞን ደጋው ላይ በረዶ ወርዶ የአባቴን የገብስ ማሳ መታው። እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ ከቤት አጣኋቸው፤ ማሽላቸውን ከወፍ ሊጠብቁ ቆላ ወርደዋል አሉኝ።