መርዶ ነጋሪው አባቴ

አባቴ ፖሊስ በነበረባቸው ዓመታት ከጣቢያው መርዶ የሚላከው በእሱ ነበር። በመኪና የተገጨ፣ በጎርፍ የተወሰደ፣ መንገድ ላይ በድንገት የወደቀ ሰው ቤተሰቡ ሲታወቅ አለቆቹ «እሱን ጥሩት» ይሉ ነበር። በደብዳቤ የመደበው የለም። እንደ እሱ የሚችለው ሰው አለመኖሩን ጣቢያው በሙሉ ስለሚያውቅ ነው።

የራሱ ሥርዓት ነበረው። ማታ አይሄድም፤ «ሌሊቱን ለብቻቸው እንዴት ያነጉታል?» ይላል። ጎህ ሲቀድ የእድሩን ዳኛና አንዲት የጎረቤት ሴት ቀስቅሶ፣ ከእነሱ ጋር ሆኖ ነው በሩን የሚያንኳኳው። «ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል» የሚባለውን ማለሳለሻ አይወድም። ቆቡን ያወልቃል፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፣ ማረፉንም አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ ይቀመጣል። ጎረቤት ገብቶ፣ ለቅሶው ደምቆ፣ ድንኳን መተከል ሲጀምር ካላየ ከዚያ ቤት አይወጣም። ጣቢያ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው፤ የት ቆየህ የሚለው ግን አልነበረም።

ይህን የተማረው በወታደርነቱ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር አባቴ ምሥራቅ ግንባር የነበረ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። መስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ ወደ ሐረር አቅጣጫ ካፈገፈጉት አንዱ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ከተማዋ ከመመለሷ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ካራማራ አካባቢ የመድፍ ፍንጣሪ ዳሌው ውስጥ ገባች። ሐረር ታክሞ፣ አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ ለማውጣት ከመሞከር ብትተው ይሻላል ብለው እዚያው ተዉለት። ከጎኑ የነበረው የደብረ ብርሃን ልጅ ግን አልተረፈም።

አባቴ በምርኩዝ መራመድ እንደቻለ የልጁን እናት ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። ነገራቸው። እጃቸው መልቀሙን አልተወም። ጠጠሩን እያነሱ ይጥላሉ፣ ምስሩን ወደ ጎን ይገፋሉ፣ ደግሞ ጠጠር ይፈልጋሉ። አባቴ ቆሞ ጠበቀ። ሰፌዱ ላይ የሚለቀም ነገር ሲያልቅ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡትና ያን ጊዜ ጮኹ። ስለ ኦጋዴን ጦርነት ስንጠይቀው ከተኩሱ ይልቅ የሚነግረን ይህን ነበር።

ከቁስሉ በኋላ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ተዛወረ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ለወራት ቤት ዋለ፣ ተመልሶ ተጠራ፣ ጡረታ እስኪወጣም አገለገለ። እናታችን ካረፈች በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ እኔ ወዳለሁበት ወደ ኮሎራዶ አመጣነው።

አብዛኛው ያገራችን ሰው ያለው ኦሮራ ነው። ሃቫና ጎዳናና ምሥራቅ ኮልፋክስ ላይ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ በአማርኛ የተጻፈው ማስታወቂያም አይጠፋም። የእኛ ቤት ግን በዴንቨር ደቡብ በኩል ሊትልተን ነው፤ ባለቤቴ ሥራዋ እዚህ ስለሆነ። አባዬ ብቸኝነት ይጎዳዋል ብለን ፈርተን ነበር። እሱ ግን ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ከሚኒራል ጣቢያ ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየረ ኦሮራ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረ። በቀረው ቀን ሳውዝ ፕላት ወንዝን ተከትሎ በእግሩ ይሄዳል። አካሄዱ የፖሊስ ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ የሚያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ትበልጣለች፤ ደረቁ አየርና የሚያቃጥለው የተራራ ፀሐይ ግን ተስማማው። በመስከረም ሣሩ ሲደርቅ ከምዕራቦቹ ተራሮች ግርጌ ያለውን ሜዳ እያየ «የጅጅጋን መስክ ነው የሚመስለው» ይለኝ ነበር።

ከሊትልተን ወደ ዴንቨር ስንወጣ ፎርት ሎጋን ወታደራዊ መካነ መቃብር አጠገብ ማለፍ ይወድ ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. ጦር ሰፈር ሆኖ የተቆረቆረ፣ ከ1950 ጀምሮም ብሔራዊ መካነ መቃብር የሆነ ቦታ ነው። ነጫጮቹን ድንጋዮች ባየ ቁጥር መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ እጁን ወደ ግንባሩ ያነሳል። እሱን ካሠለጠኑት አንዱ ኮሪያ የዘመተ የቃኘው ሻለቃ ሰው ነበር፤ ቃኘዎች የተዋጉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። «እዚህ ከተኙት ውስጥ ከእኛ ሰዎች ጋር አንድ ምሽግ ያደረ አይጠፋም» ይል ነበር።

ክሌመንት ፓርክ የወሰድኩትን ቀን ግን ከሁሉም አብልጬ አስታውሰዋለሁ። ከፓርኩ አጠገብ ያለው ኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ኤፕሪል 20 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ሁለት ተማሪዎች በከፈቱት ተኩስ 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር የተገደሉበት። በ2007 የተመረቀው መታሰቢያ ፓርኩ ውስጥ ነው፤ በውስጠኛው ክብ የ13ቱ ሰዎች ስም፣ ቤተሰቦቻቸው ከጻፉላቸው ቃል ጋር ተቀርጿል። አባዬ አንድ በአንድ አስነበበኝ፤ ቸኩዬ ላልፍ ስል ክንዴን ይዞ ይመልሰኛል። ስጨርስ የጠየቀኝ ስለ ገዳዮቹ አልነበረም።

«ወላጆቻቸውን ማን አረዳቸው?» አለኝ።

ያነበብኩትን ነገርኩት። ወላጆቹ ሊውድ በሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። የተረፉትን ልጆች የጫኑ አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ ልጁን ያገኘ ይዞ ይሄዳል። ቀን ሲመሽ ለቀሩት ወላጆች አንድ አውቶቡስ ገና እንደሚመጣ ተነገራቸው። አልመጣም።

አባዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሳም። «ሌላ አውቶቡስ ይመጣል አይባልም ልጄ» አለኝ። «ያላወቅከውን አላወቅኩም ትላለህ፣ ያወቅከውን ትናገራለህ። ተስፋ ሰጥቶ ማስጠበቅ ግን ሰውን ሁለት ጊዜ መግደል ነው።» ከዚያ በኋላ ብቻውን እየሄደ ቆቡን አውልቆ ይቆም እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው።

ወገቡን ማመም የጀመረው በ2010 ክረምት ነው። «የካራማራዋ ናት» አለን፤ እኛም አመንን። ብርድ ሲሆን ሁሌም ትጠዘጥዘው ነበርና። በጥቅምት 2011 ግን ከአልጋ መነሳት አቃተውና ኦሮራ አንሹትዝ የሕክምና ግቢ ወሰድነው። ግቢው ቀድሞ ፊትዝሲመንስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 እ.ኤ.አ. ልባቸውን ታመው የተኙት እዚያ ነው፤ ጃንሆይን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዋሽንግተን ላይ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አሮጌው ሕንፃ ዛሬም እንደቆመ ስነግረው አባዬ ቀና ብሎ አየው፤ «እንግዲያው የወታደር ቤት ነው የመጣሁት» አለ፤ ፊቱም ፈካ።

ኤም አር አይ ሊያነሱት ሲሉ ሰውነቱ ውስጥ ብረት እንዳለ ተናገረ፤ በማግኔቱ የተነሳ ያ ምርመራ ቀረና በሲቲ ስካንና በአጥንት ስካን ተተካ። የደሙ ፒኤስኤ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ውጤቱን ከመንገሯ በፊት እኔና ወንድሜ ለብቻዋ ልናነጋግራት ተስማምተን ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፤ ታማሚው ተስፋ እንዳይቆርጥ ይደበቅለታል። ፍቅር ያለበት ልማድ ነው፤ አልወቅሰውም። እሷ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብታ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋችና፣ በስልክ ባለው አስተርጓሚ በኩል አባዬን ራሱን ጠየቀችው፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጆችዎ ልንገር?»

አባዬ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስናገር ሙሉውን ነው የነገርኩት» አላት። «ለእኔም ሙሉውን ይንገሩኝ። ልጆቼም እዚሁ ሆነው ይስሙ።»

ነገረችው። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ ወደ አከርካሪና ወደ ዳሌ አጥንት ተዛምቷል፤ ማዳን አይቻልም፤ ማዘግየትና ሥቃዩን መቀነስ ግን ይቻላል። ምስሉን በኮምፒውተሩ አሳየችው። ዳሌው ላይ አንዲት ነጭ የብረት ስባሪ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ አከርካሪው ላይ ደግሞ ሌሎች ነጠብጣቦች። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋና በጣቱ ብረቷን ነካት። «ይቺ የእኔ ናት፤ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል» አለ። ጣቱን ወደ አከርካሪው አሻገረ። «እነዚህን ግን አላውቃቸውም።»

ይህን የሚያነብ ወንድ ሁሉ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ፕሮስቴት ካንሰር በአሜሪካ ወንዶች ላይ ከቆዳ ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው፤ ጥቁር ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ የሚሞተውም ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ አያምም። የእኛ ወንዶች ደግሞ ከሆድ በታች ስላለ ነገር ለሐኪም እንኳ አይናገሩም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጥቁር ወንዶች ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ምርመራው ከሐኪማቸው ጋር እንዲመካከሩ ይመክራል፤ ምርመራውም የሚጀምረው በደም ነው። አባቶቻችሁን ይዛችኋቸው ሂዱ፤ እምቢ ቢሉ ተቆጧቸው።

የዚያን ዕለት ማታ አባዬ ስልኩን አምጣልኝ አለኝ። አዲስ አበባ ነግቶ እስኪያረፍድ ጠበቀ። አክስቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የምትኖረው፤ ታናሹ ናት፣ ጋሼ እያለች ነው ያደገችው። በመጀመሪያ ደውሎ ያነጋገረው ጎረቤቷን ነበር፤ እቤቷ ገብታ አብራት እንድትቀመጥ። ቀጥሎ ለእህቱ ደወለና የሕመሙን ስም፣ የደረሰበትንም ነገራት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ነው። ስታለቅስ ስልኩን አልዘጋም፤ እስክትጨርስ ጆሮው ላይ እንደያዘው ተቀመጠ። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ የሚሰማኝ «አለሁ፤ አለሁ እታለም» የሚለው ድምፁ ብቻ ነበር።

የሆርሞን መርፌው አንድ ዓመት ገደማ ደግ አደረገለት። ለወገቡ ጨረር ወሰደ። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረ ያውቃል፤ ከክፍለ ሀገር መጥተው ወረፋ የጠበቁ ባልደረቦች ነበሩት። ማሽኑ ላይ በተኛ ቁጥር በስማቸው እየጠራ ይጸልይላቸው ነበር።

በ2012 መግቢያ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ። ኬሞውን አልፈልግም አለ፤ ሐኪሟም ምክንያቱን ሰምታ አከበረችለት። የሆስፒስ ነርሶች ቤት ድረስ ይመጡ ጀመር። ሳሎናችን ውስጥ የሆስፒታል አልጋ ተዘረጋ፤ ሞርፊኑን በምላሱ ሥር የምናደርግለት እኔና ባለቤቴ ነበርን። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን አልጋው ጠርዝ ላይ ትሠራለች። አንድ ቀን «አያቴ፣ ልትሞት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እናቷ ልታስቆማት ስትል በእጁ ከለከላት። «አዎ የኔ እናት» አላት። «ቶሎ ግን አይደለም፤ ነይ ሒሳቡን እንጨርስ።»

ያረፈው ጥር 2012፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ሊነጋ ሲል ነው። አስከሬኑ አገር ቤት እንዳይሄድ ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ «የልጅ ልጆቼ በእግራቸው የሚደርሱበት ቦታ ቅበሩኝ፤ ለጉዞው የሚወጣውን ለእህቴ ላኩ» ብሎ። ፍትሐቱ ኦሮራ ተደረገ። እድራችን ድንኳኑን በአዳራሽ ተክቶ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ሁሉን አሰናዳ። በቀብሩ ዕለት በረዶ ነበር። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮችና ፖሊሶች፣ ታክሲ የሚነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው በአንድ መስመር ቆሙ። ማንም ሳያዛቸው ሰላምታ ሰጡ።

የቀረው አክስቴን ማርዳት ነበር። ለአባዬ የቀድሞ ባልደረባ ደወልኩ። እሳቸውም እንደ ሥርዓቱ የእድሩን ዳኛና ያችኑ ጎረቤት ይዘው ጎህ ሲቀድ ሄዱ። በሩን ሳያንኳኩ ተከፈተ አሉኝ። አክስቴ ጥቁር ለብሳ ቆማ ነበር፤ የጎረቤቷን ድምፅ በዚያ ሰዓት ስትሰማ አውቃዋለች። ባልደረባው ቆባቸውን አውልቀው የአባዬን ስም ከነአባቱ ጠሩ።

ማምሻውን ራሷ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። «ጋሼ መጨረሻ ላይ ተሠቃየ?» አለችኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ነገርኳት፤ መቼ እንዳቃሰተ፣ ሞርፊኑ መቼ እንዳስተኛው፣ በመጨረሻ የጠራው ማንን እንደነበረ። የተሠቃየበትን ሰዓት አልዘለልኩባትም። አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ይዤ ጠበቅኳት።