የአእምሮ ሚዛንና የቅኔ መምህር

ጤፍ በቍና ይሰፈራል፤ ቅቤም በሚዛን ይመዘናል። የሰው አእምሮ ግን በምን ይለካል? በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖር አንድ አባት ይህን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ሳይተኛ ያደረበት ሌሊት ነበር። በዚያ ቀን የልጁ አስተማሪ የፈተና ወረቀት አሳይቶ፥ «የዚህ ልጅ አእምሮ ዝቅተኛ ነው፤ ባይደክሙበት ይሻላል» ብሎት ነበርና። አባትየው በወጣትነቱ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረ ስለ ነበረ፥ ቍጥሩን አይቶ ወዲያው አልተቀበለም፤ ቍጥሩ ከወዴት እንደ መጣ ከመጻሕፍት ሊመረምር ተነሣ።

ያገኘውም ይህ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የተባሉ ፈረንሳውያን 30 ጥያቄዎች ያሉበት መለኪያ አወጡ። አሳባቸው በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ለመርዳት ነበር እንጂ ለማዋረድ አልነበረም። ቢኔም በ1909 ባወጣው መጽሐፍ፥ የሰው አእምሮ ከተሰጠው ልክ አይጨምርም የሚሉትን ሰዎች ተቃወመ። ከእርሱ በኋላ ግን መለኪያው ወደ አንድ ቍጥር ተጠቀለለ። በ1916 የአሜሪካው ሉዊስ ተርማን ባሻሻለው መለኪያ፥ የ8 ዓመት ልጅ የሚመልሰውን ብቻ የመለሰ የ10 ዓመት ልጅ 80 ይሰጠው ነበር። ዛሬ ሰው የሚነጻጸረው ከእኩዮቹ ጋራ ሲሆን፥ መካከለኛው ልክ 100 ነው። በ1950 ደግሞ ጊልፎርድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ የሚጠይቅ ፈተና አዲስ ነገር የሚያፈልቀውን ሰው አይገልጠውም ሲል ባልንጀሮቹን ወቀሰ።

አባትየው ይህን ባነበበ ጊዜ ቅኔ ቤቱ ትዝ አለው። በዚያ አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ የለም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ለመምህሩ ሲነግር፥ መምህሩ ቃሉ ከሰዋስው፥ ሰሙም ከወርቁ መስማማቱን፥ አሳቡም ከሌላ ሰው ያልተወሰደ መሆኑን መርምሮ ስሕተቱን ያርማል። ዳሩ ግን መምህሩ ተማሪውን የሚመዝነው በዛሬው ስሕተት አይደለም፤ ከእርማቱ በኋላ ነገ ይዞት በሚመጣው ነው እንጂ።

ይህን የመሰለ ነገር በወገኖቻችን ልጆች ላይ ታይቷል። በ1991 ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል፥ ብዙዎቹ የጎንደር ተወላጆች፥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አገር በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከኢትዮጵያ የሄዱት ልጆች በዚያ በተፈተኑ ጊዜ ከአገሩ ልጆች አንሰው ተገኙ። ጹርኤልና ካውፍማን የተባሉ መርማሪዎች ግን በ1999 ባወጡት ጥናት፥ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ፈትነው፥ የአሳቡን መንገድ አስተምረው እንደ ገና ቢፈትኗቸው፥ ልዩነቱ እጅግ ጠቦ አገኙት። እንግዲህ የፊተኛው ቍጥር የነገረው ሕፃናቱ እስከዚያ ቀን ያልለመዱትን ነው፤ ሊማሩ የሚችሉትን ግን አልነገረም።

ስለዚህ ሚዛኑን መጣል አይገባም፤ የተቸገረውን ልጅ ያሳያልና። ነገር ግን መዝኖ የሚያሰናብትና መዝኖ የሚያርም ሰው አንድ አይደሉም።

አባትየውም ወረቀቱን አልቀደደውም። ማታ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፥ የተሳሳተውን ጥያቄ እንዴት እንዳሰበው ጠየቀው፤ መንገዱንም አሳየው። በማግስቱ ይህን የሚመስሉ ሦስት ጥያቄዎች ሰጠው። ልጁ ሁለቱን መለሰ፤ ሦስተኛውን ተሳሳተ። አባትየውም፥ «የኔ ልጅ፥ ና እስቲ፥ ከየት ላይ እንደ ሳትህ እንይ» ብሎ መብራቱን አቀረበ።