የጓዳው ቁልፍ

«የማዕከላዊ ባንክ ነፃነት» ሲባል ብዙዎቻችን የሊቃውንት ወግ ነው ብለን ገጹን እንገልጣለን። እኔ ግን ከደመወዜ የተረፈችኝን በቁጠባ ደብተር የማኖር ሰው ነኝና ማለፍ አልሆነልኝም። በደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ከዓመት ዓመት ያድጋል፤ የሚገዛልኝ ጤፍ ግን ያንሳል። ሌባ አልገባ፣ ማን ወሰደው? ይህን ጥያቄ ይዞ የተነሣ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው የገንዘቡ መጠንና ወለዱ ከሚወሰንበት ቤት ነው።

ሐሳቡስ ቀላል ነው። መንግሥት ሁልጊዜ ወጪ አለበት፤ ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ገበያው እንዲሞቅለት፣ ብድር እንዲረክስለት ይሻል። ገንዘብ የሚያወጣው ቤት በእርሱ እጅ ብቻ ከሆነ «በቃ!» የሚል አይገኝም። ስለዚህ ብዙ አገሮች የባንኩን ገዢ ለተወሰነ ዘመን ሾመው፣ ወለዱን ባንኩ ይወስን ብለው ደነገጉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ተግባሩስ?

ቱርክን እንመልከት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2001 የተሻሻለው ሕግ ለማዕከላዊ ባንኩ ወለድ የመወሰን ነፃነት ሰጥቶታል። ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ግን ዋጋን የሚያንረው ራሱ ከፍተኛ ወለድ ነው ባይ ነበሩ። ገዢው ናጂ አግባል በማርች 18 ቀን 2021 ወለዱን ከ17 ወደ 19 በመቶ አሳደጉ። በሁለተኛው ቀን፣ በሌሊት በወጣ ውሳኔ ተሻሩ፤ ከተሾሙ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ልብ በሉ፤ በዚያች ሌሊት ሕጉ አልተሻረም። የተሻሩት ሰውዬው ናቸው።

ተተኪው ያዩትን አይተዋልና ወለዱ ቁልቁል ወረደ። የዋጋ ንረቱም በኦክቶበር 2022 ከ85 በመቶ አለፈ። ነዳጅና እህል በዓለም ገበያ መወደዱ የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ቀሪው ግን የቤት ሥራ ነው። የ2023 ምርጫ ካለፈ በኋላ መንገዱ ተለወጠ፤ 8.5 በመቶ የነበረው ወለድ በማርች 2024 ወደ 50 በመቶ ወጣ። በጭልፋ ይበቃ የነበረው መድኃኒት በእንስራ ተጠጣ ማለት ነው።

አሜሪካም ብትሆን ከዚህ አላመለጠችም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለ1972 ምርጫ ሲሰናዱ የማዕከላዊ ባንኩን ሊቀ መንበር አርተር በርንስን እንዴት ይወተውቱ እንደነበር በዋይት ሃውስ የተቀዳው ድምፅ ይመሰክራል። በአንጻሩ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1979 የሾሟቸው ፖል ቮልከር ወለዱ 20 በመቶ ገደማ እስኪደርስ አጠበቁ። ካርተር በ1980 ምርጫ ተሸነፉ፤ ቮልከር ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ሥራ አጡ በዛ፤ ንረቱም ውሎ አድሮ ረገበ።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ ትለኛለች። ለዘር የተለየው እህል በጓዳ ጎታ ውስጥ ነበር፤ የጓዳው ቁልፍ በመቀነቷ። አባባ ለማኅበር ጎደለኝ፣ ለተዝካር አነሰኝ ቢሉ ከዘሩ አትነካም። ይቆጣሉ፣ ይዝታሉ፤ ቁልፉን ግን አይነጥቋትም። የዘር ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ጓዳውን ከፍታ ይህን ያህል ነበረ፣ ይህን ያህል አለ ብላ ለቤተሰቡ ታሳያለች። እምቢ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እምቢ ብሎ የማያሳይ ባለቁልፍ ሌላ ጌታ ነው።

በእኛ አገር በ2008 የወጣው አዋጅ የብሔራዊ ባንክን ተጠሪነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያደርግ ነበር። ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። በ2024 መጨረሻ ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲስ አዋጅ የዋጋ መረጋጋትን ቀዳሚ ዓላማ አደረገ፤ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ ለሚበደረውም ገደብ አበጀ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ይሁንና የቱርኩም ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ፈተናው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቀን መንግሥት በጣም የሚፈልገው ገንዘብ ይኖራል፤ ገዢውም «አይሆንም» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ይገኛል ወይ? እኔ አዋጁን አንብቤ አስቀምጫለሁ። የምጠብቀው ያችን ጠዋት ነው።