እጅ የሚያወጣ ጠፋ

ስብሰባ ላይ «በፈቃደኝነት የሚሠራ ማን ነው?» ሲባል የሚወርደውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ድንገት ጫማው ይናፍቀዋል። አንዱ ያስላል፤ ሌላው ያልተደወለለትን ስልክ ሊያነሣ ይወጣል። ይህ የእኛ የሐበሾች በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጬ ፈረንጆቹ ጫማቸውን ሲያዩ እስካይ ድረስ።

የወሰደኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ልብ ወለድ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ከሚያንቀላፉት አንዱ ነበር። አሁን የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል፤ አሜሪካዊት አግብቶ በእሷ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል። (እናቱ ይህን ስትሰማ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩትም፤ ነገር መቆስቆስ አልወድም።) «ጋሼ፣ ዛሬ ዓመታዊ ስብሰባ አለን፤ ይምጡና ይዩ። ምሳም አለ» አለኝ። ምሳ ሲባል ሄድኩ።

ኤፒስኮፓል የሚባለው የእንግሊዙ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው። ጳጳስ አላቸው፣ ቄስ አላቸው፣ ቅዳሴ አላቸው። የአጥቢያውን ገንዘብና ሕንጻ የሚያስተዳድረው ግን ምእመናኑ የሚመርጡት «ቬስትሪ» የተባለ ጉባኤ ነው። ስሙ የመጣው ካህናት ልብሰ ተክህኖ ከሚለብሱበት ክፍል ነው፤ ጥንት እንግሊዝ አገር የአጥቢያው ሰዎች የሚሰበሰቡት እዚያ ነበርና። ሥልጣኑ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ አስተዳዳሪው ቄስ ሲለቁ ተተኪ የሚፈልገው ይኸው ጉባኤ ነው። አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች አንድም ጳጳስ አልነበራትም። የመጀመሪያው፣ ሳሙኤል ሲበሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1784 ስኮትላንድ ድረስ ሄደው ነው የተሾሙት። ጳጳስ በሌለበት ዘመን ቤቱን ደግፎ ያቆየው ምእመኑ ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ራሳቸው እዚያው ቨርጂኒያ የቬስትሪ አባል ነበሩ። ሴቶች ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በተወካይነት ለመቀመጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ደጅ ጠንተዋል።

ያ ሁሉ የተጠበቀ ወንበር እንግዲህ ያን ቀን ተቀማጭ አጥቶ ዋለ። ሦስት ቦታ፣ ሁለት እጩ። ቄሷ (አዎ፣ ሴት ናቸው) ፈገግ ብለው «አንድ ሰው ብቻ» አሉ። ዝም። እንደገና ለመኑ። ጭራሽ ዝም። ከጎኔ የተማሪዬ እጅ፣ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ የማያውቀው እጅ፣ ቀስ እያለ ወጣ።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ምን ነካህ?» አልኩት።

«ዝምታው ከበደኝ ጋሼ። ደግሞስ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ በየዓመቱ ሪፖርታቸውን ቁጭ ብሎ መተቸቱ አሳፈረኝ።»

ይህችን ለእኔ ብሎ የተናገራት አልነበረም። ብቻ ወጋችኝ፤ ለምን እንደወጋችኝ እነግራችኋለሁ።

እኛም ሰበካ ጉባኤ አለን። ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ካህናትና ምእመናን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በ1967 መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን በምእመኑ ኪስና ጉልበት ላይ ቀረች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ደጋግሜ ጽፌበታለሁ። የሰፈሬ አጥቢያ ሁለት ጊዜ ለሰበካ ጉባኤ ቢጠቁመኝ ግን ሁለቱንም ጊዜ አመለጥኩ። አንዱን በሥራ ብዛት፣ ሌላውን በወገብ ሕመም። (ወገቤ እውነት ያመኛል። ምርጫው ያለፈ ዕለት ግን ለቀቀኝ።)

ከዚያ የአጥቢያውን ሒሳብ በጋዜጣ አብጠለጠልኩት። ስም አልጠራሁም፤ የሚያውቅ ግን አወቀው። የገባው ብርና የወጣው ብር አይገናኝም ነበር፤ የጻፍኩት ውሸት የለውም፤ ዛሬም አይጸጽተኝም። በሳምንቱ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ የጉባኤው አባል፣ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። «መምህር፣ ጽሑፍዎን አነበብኩት። ደኅና ነው። እሑድ ሙዳየ ምጽዋት ስንቆጥር ሦስት ሰው ነን፤ አይናችንም ደክሟል። አራተኛ ብናገኝ ጥሩ ነበር» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተማሪዬ አልፎ አልፎ ይደውላል። በሁለተኛ ዓመቱ ሕንጻውን የሚከታተለው ኃላፊ አደረጉት። «ጋሼ፣ አገልግሎት ማለት መጸለይ መስሎኝ ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ መለማመጥ ሆኖ አረፈው!» ክረምቱ ሲብስ ማሞቂያው ይበላሻል፤ ሌሊት የሚቀሰቀሰው እሱ ነው። ይሄ ያስቃል። የማያስቀው የበጀቱ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ለጣሪያው የሚሆን ገንዘብ የለም፤ ለዓመታት ኦርጋን የተጫወቱ አንድ ሽማግሌ ደመወዝ መቀነስ ነበረበት። ድምፅ ተሰጠ፤ የእሱም እጅ ወጣ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሥተውታል። «ጣሪያው አያፈስም አሁን» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «በሳቸው በኩል ሳልፍ ግን ጫማዬን ነው የማየው» አለ።

እኔ ሒሳቡን ስጽፍ ሰላምታ የነሣኝ የለም። እንዲያውም «እጅህ ይባረክ» ያለኝ ይበዛል።

በቅርቡ ደግሞ ደወለ። የሥራ ዘመኑን ጨርሶ፣ ጥቂት አርፎ፣ ተመልሶ ገብቷል። የልጆቹን፣ የኑሮውን አወራን። በመጨረሻ «የእናንተ ሰበካስ ምርጫ መቼ ነው?» አለኝ።

ወሩን ነገርኩት።

«ታዲያ ጋሼ፣ እጅዎን ያወጣሉ?»

«ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ አልነበረም ያቋረጠው።