ከጨው በፊት የሕፃኑ ድርሻ

ጾመ ነቢያት በገባ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከመቐለው የዓዲ ሓቂ ገበያ አንድ ሙሉ ዱባ ታቅፌ ስመለስ፣ ከደጃፌ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ለማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ከፊሉ ለእኛ ለጾመኞቹ፣ ከፊሉም በዚህ ሳምንት ስድስት ወር ለሞላት የልጅ ልጄ መሆኑን ነገርኋት። እርሷም «ለሕፃን ደግሞ ዱባ ይሰጣል እንዴ፣ አቦይ?» አለችኝ። ቃሏ ክፋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከኅሊናዬ አልወጣም። ዱባ በየቤታችን የችግር ቀን መብል፣ ለእንግዳ የማይቀርብ፣ ሥጋና ቅቤ በታጣ ዕለት ብቻ የሚታወስ ፍሬ ሆኖ ሲቆጠር፣ በአንጻሩም ጥቂት ገንዘብ ያገኘች እናት ሁሉ በቆርቆሮ የታሸገውን የሕፃን ምግብ ከሱቅ ለመግዛት ስትጨነቅ እያየሁ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ስለዚህ ፍሬ የማውቀውን ለእናንተ ለወዳጆቼ ሳልጽፍ ብቀር ዕዳ የሚሆንብኝ መሰለኝ።

ዕዳ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። በትግራይ ጦርነት ዘመን፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ስልኩና መብራቱ ተቋርጦ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር በከተማችን በተረሳበት ወራት፣ በግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ በክረምቱ ዝናብ የተሳበ አንድ የዱባ ሐረግ ሰባት ፍሬ ሰጠን። እነዚያን ሰባት ፍሬዎች በመኝታ ቤቱ ጥግ በገለባ ላይ ደርድረን፣ የተቆረጠ ዱባ ከጥቂት ቀን በላይ ስለማይቆይም አንዱን በቆረጥን ቁጥር ከግራና ከቀኝ ጎረቤት ጋር እየተካፈልን፣ እስከ ጥር ድረስ አደረስናቸው። ከዚያ ወዲህ ዱባን ሲንቁብኝ የሰው ስም ሲጠፋ የሰማሁ ያህል ይከፋኛል።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ብሂላችን፣ ተናጋሪው ሳያውቀው፣ በታሪክም እውነት ሆኖ ይገኛል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ነቢዩ ዮናስ ከነነዌ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ ሳለ በአንድ ሌሊት በቅሎ ያጠለለለትም ቅል እንደ ነበረ በቅዱስ መጽሐፋችን ተጽፎ እናነባለን። ዱባ ግን የመጣው ከውቅያኖስ ማዶ ነው፤ በሜክሲኮ ምድር የሰው እጅ መዝራት ከጀመረው ወደ 10,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ወደ እኛ ክፍለ ዓለም የተሻገረው ግን መርከበኞች አሜሪካን ካገኙ በኋላ ነው። እንግድነቱን ማንም እስኪረሳው ድረስ ከሽሮና ከምስር ጎን በጾም ማዕዳችን ተቀምጦ ባለአገር ሆነ።

ሲገዙት ከሐረጉ የተቆረጠበት አንገቱ ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረውን፣ ቆዳው በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳውን፣ ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ የሚያስገርመውን ይምረጡ። ሙሉውን ለመግዛት እጅ ባጠረ ጊዜ ሻጮቹ ቆርጠው ይሰጣሉ፤ የተቆረጠው ደግሞ የውስጡን መልክ ስለሚያሳይ፣ ብርቱካን የመሰለውን ከገረጣው ለይቶ ማንሳት ይቻላል። ያ መልክ ለዓይን ደስታ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን የሚባለው ነገር እርሱው ነው፤ ይህ ቫይታሚን ያነሰው ሕፃን ደግሞ አመሻሽ ላይ ማየት ይሳነዋል፤ አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ደዌ ይህ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው እንክብልም ለዚሁ ነውና፣ ዱባ አበላለሁ ብሎ እርሱን መተው አይገባም።

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ። የሕፃኗ እናት የሆነችው ልጄ ዱባውን ልጣ፣ በጣት ስፋት ከትፋ፣ ጥቂት ውኃ ጨምራ ብረት ድስቱን ከደነችው። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ93 ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ በቆላ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ይልቅ እኛ በእሳቱ ላይ ጥቂት መታገሥ ያስፈልገናል። ዱባው በስሎ በማማሰያ ሲነካ ፈረሰ። ልጄም ለሕፃን የሚሆነው ቀጭን ነው ብላ በማሰብ የፈላ ውኃ ጨምራ ጨማምራ እንደ ሾርባ አደረገችው። በዚህ ጊዜ ስምንት ልጆች ያሳደጉት የጎረቤታችን አሮጊት፣ አደይ እያልን የምንጠራቸው፣ ከበርጩማቸው ተነሥተው ማንኪያውን ከእጇ ተቀበሉና ጨልፈው ዘቅዘቅ አደረጉት፤ ያ ቢጫ ውኃ ጽው ብሎ ፈሰሰ። «ጓለይ፣ ይህ የሚጠጣ እንጂ የሚበላ አይደለም» ብለው ወደ እሳቱ መለሱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳግመኛ ሲዘቀዝቁት ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ፤ ያን ጊዜ «አሁን ሆነ» አሉ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ ትንሹን ሆድ በውኃ የሞላነው እንደሆነ ለሚያሳድገው ምግብ ስፍራ አይቀርም። ሐኪሞች በብዙ ገጽ የሚያስተምሩትን አደይ በአንዲት ማንኪያ አሳዩን።

ከዚህ በኋላ ነው የጽሑፌ ዋና ነገር። ጨው ሳይገባ፣ በርበሬው ሳይነሣ፣ የሕፃኗ ድርሻ ከድስቱ ቀድሞ ወጣ። ልጄ በሹካ አልማ፣ ከራሷ ጡት ወተት ጥቂት አልባ ቀላቀለችበት፤ ከማንኪያ ጫፍ የማይበልጥ ዘይትም ጠብ አደረገችበት፤ ያ የዱባ ቀለም ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባምና። ስኳርም ማርም አልጨመረችም። የትግራይ ነጭ ማር ክብራችን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያበቅል ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል፣ በፍቅርም ቢሆን ጣት ነክሮ ማላስ አይገባም። ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ በቃ፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ዱባ ብቻውን ልጅ እንደማያሳድግም ልብ ይበሉልኝ፤ ቀናት ሲያልፉ የምስር ክክ፣ እንቁላል፣ የጤፍ ወይም የገብስ ገንፎ ሊከተሉት ይገባል። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ሥራውን ሲጀምር የተነሣው በሕፃናት መቀንጨር ላይ ነበረ፤ መቀንጨርም የሚሸነፈው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ባለችው በአንዲት ድስት ዙሪያ በሚደረገው ጥቂት ማስተዋል ጭምር ነው።

ለእኛ ለቀረነው ደግሞ በሌላ ድስት የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት ሆኖ፣ ድልኹ የምንለው የበርበሬ ለውስ ገብቶበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተከትሎ፣ ዱባው በመጨረሻ ተጨመረ፤ ዱባ የራሱን ውኃ ስለሚያወጣ ብዙ ማፍሰስ አላስፈለገም። ሕፃኗ በእናቷ ጭን ላይ ሆና፣ የእኛ ሰሃን ቀይ፣ የእርሷ ቢጫ፣ ሁለቱም ግን ከአንድ ፍሬ የተከፈሉ ሆነው በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጥን። የመጀመሪያዋን ማንኪያ በምላሷ መልሳ አወጣቻት፤ ሁለተኛዋንም እንዲሁ፤ በሦስተኛዋ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ ዋጠችና አፏን ከፈተች። አደይ እልል አሉ።

የዱባውን ዘሮች ከዝልግልጉ ለይተን፣ አጥበን፣ በሰፌድ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ብዙው ተቆልቶ የአዋቂ ቆሎ ይሆናል፤ ሕፃን ታንቆ ሊሞትበት ስለሚችል ከእርሷ እጅ እናርቀዋለን። ደንዳና ደንዳናውን አሥራ ሁለት ፍሬ ግን ለይቼ በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ፤ ሰኔ ሲገባ፣ እርሷም ዓመት አልፏት ግድግዳ ይዛ ስትቆም፣ በዚያው በድንጋዩ አጥር ሥር እተክለዋለሁ።